የማይታየው ጫፍ

መርማሪው ሲደርስ ሟቹ በአናጺ ቤቱ ወለል ላይ፣ በሰጋቱራው መሃል በጀርባው ተኝቷል። ከሠራተኞቹ አንዱ ሽርጡን አውልቆ ፊቱን አልብሶታል። ሽርጡ አጭር ስለሆነ ግን እጆቹ ውጭ ቀርተዋል፤ ሰፋፊ፣ ጠባሳ የበዛባቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን እንጨት ሲያገላብጡ የኖሩ እጆች ናቸው። ከጣሪያው መስኮት የገባው የጠዋት ፀሐይ ወድቆባቸዋል፤ በብርሃኑ ውስጥ ደቃቅ ብናኝ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ ይንሳፈፋል።

የጣቢያው አዛዥ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።

«ጓንቴ፣ በከንቱ አደከምኩህ። ነገሩ ያለቀለት ነው» አለው። «ሰውየው ከላይ ሰገነቱ ላይ ሆኖ መከታው ላይ ተደገፈ፣ መከታው ለቀቀ፣ ወደቀ። መከታውን የሠራችው የገዛ ልጁ ናት። ራሷም አምናለች።»

«ምን ብላ አመነች?»

«‹የገደልኩት እኔ ነኝ› ብላ። ከዚህ ወዲያ ምን ትበል? በቸልተኝነት ሰው መግደል ብዬ ልጽፍ ነው። አንተ ደግሞ እንደ ልማድህ ዳሰስ ዳሰስ አድርግና ፈርምልኝ።»

ጓንቴ የሚለውን ስም ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ክረምት ከበጋ ነጭ የጥጥ ጓንት ከእጁ አይለይም። የማያውቀው ሰው ንጽሕና የሚወድ ይመስለዋል። ነገሩ ሌላ ነው፤ ጣቶቹ ከተፈጠረ ጀምሮ ከሰው ጣት በላይ ይሰማሉ። ሌላው ሰው ልስልስ የሚለው ወረቀት ለእሱ የታረሰ ማሳ ነው። አዲስ ቀለም በተቀባ ግድግዳ ሥር ያለውን የድሮ ስንጥቅ በመዳፉ ያገኘዋል። ሰው ሲጨብጥም ልቡ እንዴት እንደምትመታ ፈለገም አልፈለገ ያውቃል። ባልደረቦቹ «ሳንቲም አስጨብጡት፣ ከማን ኪስ እንደወጣች ይነግራችኋል» እያሉ ይስቁበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል።

ጓንቱ የሥራ ዕቃው ሳይሆን ማረፊያው እንደሆነ ግን ለማንም ነግሮ አያውቅም። ሚስቱ ትታው የሄደች ቀን በር ላይ ቆማ ያለችው አሁንም ጆሮው ውስጥ አለ። «እጄን ስትይዘው ትመረምረኛለህ እንጂ አትይዘኝም። መደበቂያ በሌለው ቤት መኖር ደከመኝ።» አልተከራከራትም፤ እውነቷን ነበር። ከዚያ ወዲህ በባዶ እጁ የነካው ሰው ቢኖር ሬሳ ወይም ተጠርጣሪ ነው።

የቀኝ ጓንቱን አወለቀና የሟቹን እጅ ያዘ። ገና ሙሉ በሙሉ አልቀዘቀዘም። እጁ ሌላ የሚነግረው ነገር አልነበረም፤ የሠራ እጅ ነበር፣ አሁን አርፏል።

ቀና ብሎ አዳራሹን አየ። ከታች ማሽኑና የሥራ ጠረጴዛዎቹ ተደርድረዋል። ከላይ በአንደኛው ግድግዳ በኩል፣ ሠራተኞቹ «ቆጡ» የሚሉት የእንጨት ሰገነት አለ፤ እንጨት ይደርቅበታል፣ የሟቹም ትንሽ ክፍል እዚያው ናት። የቆጡ ጠርዝ ከዳር እስከ ዳር ደረት በሚደርስ መከታ ታጥሯል። ከመከታው አንዱ ክፍል እንጨት ሲወጣና ሲወርድ እንዲነሳ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ በግራና በቀኝ ጫፉ ከላይ ወደ ታች የሚሰካ፣ አውራ ጣት የሚያህል የእንጨት መሰኪያ ይይዘዋል። አሁን የግራው መሰኪያ ተሰብሮ መከታው በቀኙ ብቻ ተንጠልጥሏል። እንደተከፈተ በር ወደ ባዶው ወጥቷል።

ልጅቱ ከኮላ ማሞቂያው አጠገብ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሯን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ወንዶቹ ሽርጥ ታጥቃለች። ሁለት እጆቿን በብብቶቿ ውስጥ ቀብራቸዋለች።

«እግዜር ያጽናሽ፣ እህቴ» አላት።

«እኔን ማጽናናት አይገባም» አለች ቀና ሳትል። «መሰኪያውን የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ስባሪውን አይቼዋለሁ። ጅማቱ አግድም ነው።»

«ጅማቱ ማለት?»

«እንጨት የራሱ መስመር አለው፤ እኛ ጅማት እንለዋለን። መሰኪያ ሲቀረጽ ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። አግድም ከሄደ እንደ ብስኩት ነው፣ ገፋ ሲያደርጉት ቀንጠስ ይላል። አባዬ ይህን ያስተማረኝ የወተት ጥርሴ ሳይወልቅ ነው። እንዴት እንዳላየሁት...» እጆቿን ይበልጥ ወደ ብብቶቿ ቀበረቻቸው። «ከእንግዲህ ቢላ አልይዝም። በዚህ እጄ ምንም አልሠራም።»

«መከታውን ከሠራሽው ቆየሽ?»

«ወራት አልፎታል። እንጨት ስንቴ አውጥተንበታል። ምንም ሆኖ አያውቅም።»

«አባትሽ ሁልጊዜ እዚያ ነበር የሚደገፉት?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። «አይ። አባዬ የሚደገፈው ደረጃው ጋ ነው፣ ራሱ በሠራው በአሮጌው መከታ ላይ። ጠዋት ጠዋት እዚያ ሆኖ ቁልቁል እያየ ይቀልድብናል። ዛሬ ለምን ወደዚህ እንደመጣ አላውቅም። እኔ ግቢ ውስጥ የመጣውን እንጨት እረከብ ነበር።»

«እጅሽን ልየው?»

አመንትታ አንዱን ሰጠችው። የቢላ መያዣ ያደነደነው ቆዳ በትክክለኛው ቦታ ላይ፣ ልክ በልክ ተቀምጧል። በዚያ እጅ ላይ ቸልተኛ ሰው አላገኘም። ይህን ሊነግራት አፉ ድረስ መጣና ዋጠው፤ ባዶ ተስፋ መስጠት ከመንፈግ ይከፋል ብሎ ያምናል።

ወደ ቆጡ ወጣ። አዛዡም እያለከለከ ተከተለው። በቋሚው ቀዳዳ ውስጥ የቀረውን ስባሪ በፒንሳ ስቦ አወጣና ከሰጋቱራው ላይ ከተነሳው ግማሽ ጋር ገጠመው። ከዚያ አዛዡ መከታውን ይዞለት በቀኝ በኩል ያለውን ጤነኛውን መሰኪያ ነቀለ፤ መከታውንም ቆጡ ላይ አጋደሙት። ለዓይን ሁለቱ መንታ ናቸው፤ ሁለቱም ስምንት ፊት ሆነው ተቀርጸዋል፣ ሁለቱም ዘይት ጠጥተው ጠቁረዋል።

ሁለቱንም ጓንት አውልቆ ዓይኑን ጨፈነ።

ልጅቱ ልክ ናት፤ የተሰበረው ጅማቱ አግድም ነው። ጣቱን ወደ ታች ሲያወርድ ግን ዘይቱ ያዝ አደረገው። በጤነኛው ላይ ዘይቱ ወደ ውስጥ ገብቶ እንጨት ሆኗል፤ በስባሪው ላይ ገና ቆዳው ላይ ተኝቷል። ወደ ጫፉ ሄደ፤ ቀዳዳው ውስጥ ተቀብሮ ማንም ወደማያየው ጫፍ። እዚያ ሲደርስ እጁ ቆመ።

«ምን አገኘህ?» አለ አዛዡ።

«ለስልሷል» አለ መርማሪው። «የማይታየው ጫፍ ለስልሷል።»

«እና?»

«እንጃ። አትፈርም፣ አትጻፍ። እስከ ነገ ታገሠኝ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ልትለኝ ነው?»

«አንተው አልከው።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም ከአናጺ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን መሸጫ ያስተዳድራል። ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ በወንበሮችና በቁም ሣጥኖች መሃል ወዲያ ወዲህ ይላል። ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲያዝንም ሲቆጣም ድምፁ ያው ነው።

«ነግሬው ነበር!» አለ። «ትናንት ከሥራ ስንወጣ ሁላችንንም ሰብስቦ የመሣሪያ ሣጥኑን ለሷ ሰጣት። ‹ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት አለቃ ልጄ ናት› አለ። ወንድሜ፣ ገና ናት፣ ተው አልኩት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መች ሰማኝ?»

«ለማን ይስጡ ብለው ነበር እርስዎ?»

«ለዋናው አናጺ፣ ቀኝ እጅ ለምንለው ነዋ! ከልጅነቱ ጀምሮ እዚህ ቤት ነው። ወንድሜን ውኃ ሲጠማው የሚያውቀው እሱ ነው።»

«እሱ ምን አለ?»

«ምን ይላል? አጨበጨበ። ትልቅ ሰው ነው።»

መርማሪው ስባሪውን አሳየው። «ይህ ምን ይመስልዎታል?»

«እንጨት» አለ ወንድምየው። ከዚያ አፍሮ ጨመረ፤ «እኔ ምስማር እንኳ ቀጥ አድርጌ መትቼ አላውቅም፣ ጌታዬ። ወንድሜ የሚሠራውን እሸጣለሁ። እንግዲህ ምን እንደምሸጥ አላውቅም።» ይህን ብሎ ከወንበሮቹ በአንዱ ላይ ዝርግፍ አለ፤ ትከሻው ይነቀነቅ ጀመር።

የአናጺ ቤቱ ቀቢ ሽማግሌ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ያልተቀባ ጠረጴዛ ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። የቫርኒሽ ቆርቆሮው ተከድኗል፤ ብሩሹ ግን በእጁ ነው።

«አባባ፣ ሲወድቁ አይተዋል?»

«በምን ዓይኔ ልጄ? ዓይኔ ከከዳኝ ቆየ፤ በልምድ ነው የምቀባው። ጆሮዬ ግን ደህና ነው፣ ምን ዋጋ አለው።»

«ምን ሰሙ?»

ሽማግሌው ብሩሹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። «ጋሼ ከክፍላቸው ወጡ። ሁሌ ወደ ደረጃው ነው የሚሄዱት፤ ዛሬ እግራቸው ወዲያ ሄደ። ‹ዛሬ የምቆመው እዚህ ነው! የልጄ ሥራ ላይ!› አሉና ሳቁ። ከዚያ መላጊያ መሬት ወደቀ። ከዚያ እንጨቱ ቀጭ አለ። ከዚያማ...»

«ይቅርታ፣ አባባ። መላጊያው ነው የቀደመው ወይስ የእንጨቱ ድምፅ?»

«መላጊያው። እዚህ ቤት መሣሪያ መሬት አይወድቅም፤ ጋሼ የጣለውን ሰው ይቆጡታል። አሁን ይጮኹበታል ብዬ ስጠብቅ ነበር። አልጮኹም።»

«የማን መላጊያ ነበር?»

«ከበሩ በኩል ነው የመጣው። የቀኝ እጅ ቦታ ነው። ምስኪን፣ ሊይዛቸው ሲሮጥ ጥሎት ነው። ትከሻውን ሰበረ እኮ።»

መርማሪው አመስግኖ ተነሳ።

ቀኝ እጅ የሚሉት ሰው ከአዳራሹ ወዲያኛው ዳር፣ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ጠና ያለ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። ቀኝ ክንዱ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ከዚያ ክንድ በሚታየው እጁ ላይ የአውራ ጣቱ ጫፍ የለም፤ ድሮ ማሽን በልቶት ቁስሉ ሽሯል።

«ሊይዛቸው ሮጠህ ነው አሉኝ።»

«ሮጥኩ» አለ። «ትከሻዬ ላይ አረፉ። አልያዝኳቸውም።»

መርማሪው ባዶ እጁን ዘረጋለት። ቀኝ እጅ በግራው ጨበጠው። መርማሪው በዚያ መዳፍ ውስጥ የውሸታም ሰው ልብ ፈለገ፤ ያገኘው ሐዘን ብቻ ነበር፣ ወላጁን የቀበረ ሰው ሐዘን። ግራ የገባው እዚህ ላይ ነው።

«መሰኪያውን አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ላየውም አልፈልግም።»

«ልጅቱ በሥራዋ ቸልተኛ ናት?»

ሰውየው በግራ እጁ ከጠረጴዛው ላይ ሰጋቱራ ጠረገ። «ልጅ ናት» አለ።

መርማሪው ወደ መሸጫው ተመልሶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ዳሰሳቸው። የቀኝ እጅ ሥራ የትኞቹ እንደሆኑ ወንድምየውን ጠይቆ በእነሱ ላይ ቆየ። ጣቶቹ ከመገጣጠሚያዎቹ መሰኪያዎች ላይ ያገኙትን ካገኙ በኋላ ከአንዱ ላይ ተቀመጠና አልተነሳም። ወንበሩ ጀርባን በደንብ ይይዛል። ይህን የሠራ ሰው የሌላውን ሰው ድካም ያውቃል ብሎ አሰበ፤ ደስ አላለውም። ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ሄዶ ለሚስቱ «ዛሬ መጥፎ ነገር አገኘሁ» ይል ነበር። እሱ ቤት የሚጠብቀው የተከደነ ድስትና አንድ ሳህን ነው። ሳህኑን ሲያጥብ እንኳ ጓንቱን አያወልቅም።

በማግስቱ ከቀብር መልስ ሁሉም አናጺ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ማሽኑ ቆሟል። ልጅቱ ጥቁር ለብሳ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣለች፤ እጆቿ ዛሬም ብብቶቿ ውስጥ ናቸው። አጎቷ አጠገቧ ቢሆንም ፊቱን አዙሮባታል። ቀቢው በርጩማው ላይ፣ ቀኝ እጅ ጠረጴዛው ጋ፣ አዛዡ ወረቀቱን ይዞ በሩ ላይ ናቸው።

መርማሪው ጓንቶቹን አውልቆ ኪሱ ከተተ። ሁለቱን መሰኪያዎች ጠረጴዛ ላይ አኖረ።

«ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ነው» ብሎ ጀመረ። «መሰኪያው የተሰበረው ጅማቱ አግድም ስለሆነ ነው። ልጅቱ ትናንት ነግራኛለች፤ ትክክል ናት። መከታውን የሠራችው ግን ከወራት በፊት ነው። እንደ ብስኩት የሚሰበር እንጨት ያን ሁሉ ጊዜ ያን ሁሉ ጭነት እንዴት ቻለ? መልሱ አልቻለም ነው። አልነበረማ። በጤነኛው ላይ ዘይቱ ውስጥ ገብቶ ደርቋል። በተሰበረው ላይ ገና ጣት ላይ ይቀራል። አዲስ ነው። አሮጌ እንዲመስል በዘይትና በጥላሸት ታሽቶ የተሰካው ሰውየው ከመውደቃቸው በፊት ባለው ሌሊት ነው።»

ልጅቱ ቀና አለች።

«ቀይሮታል ነው የምትለው? ማን?» አለ ወንድምየው።

«እርስዎ አይደሉም» አለው መርማሪው። «ሟቹ ለተማሪዎቻቸው አንድ ሕግ ነበራቸው መሰለኝ። አባባ፣ የመሰኪያ ጫፍ እንዴት ነው የሚሠራው?»

«‹የማይታየውም ጫፍ ይለስልስ› ይሉ ነበር» አለ ቀቢው። «በሰው ዓይን ሳይሆን በእንጨቱ ዓይን ሥሩ ይሉ ነበር።»

«ይህኛውም ለስልሷል። ቀዳዳ ውስጥ ለሚቀበር፣ ነገ ለሚሰበር እንጨት፣ ጫፉ እንደ ሕፃን ተረከዝ ለስልሷል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አወቅሁ። አንደኛ፣ የቀረጸው ሰው የእሳቸው ተማሪ ነው። ከእሳቸው ቢላ መያዝ የተማሩት ደግሞ፣ ወንድማቸው እንደነገሩኝ፣ ልጃቸውና ቀኝ እጅ ብቻ ናቸው። ሁለተኛ፣ ለማይታየው ጫፍ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሰው ዋናውን ጅማት ሳያይ አይቀርም። አግድም ያደረገው አውቆ ነው።»

አዛዡ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ አጠፈው።

«የልጅቱ ቢላ ስለቱ ላይ ጥቂት ተሸርፏል፤ ዓይን አያየውም። በሠራችው ሁሉ ላይ ፀጉር የሚያህል ቀጭን መስመር ይተዋል። በጤነኛው መሰኪያ ላይ አለ። በሠራቻቸው በርጩማዎች ላይ አለ። በተሰበረው ላይ የለም። በእሱ ላይ ያለው ሌላ ነው፤ ቢላው በየምቱ መሃል ትንሽ አርፎ እንደገና ይሄዳል። ደረጃ የምታህል ነገር ትቀራለች። ቢላውን በአውራ ጣቱ ጫፍ የማይገፋ ሰው፣ ጫፉ የሌለው ሰው፣ መሃል ላይ አያያዙን ማስተካከል አለበት። መሸጫው ውስጥ ባሉት የቀኝ እጅ ወንበሮች ሁሉ ላይ ያችው ደረጃ አለች።»

«ዝም በል!» ብሎ ጮኸ ወንድምየው። «እሱ እኮ ሊያድነው የሮጠ ሰው ነው! ትከሻውን አታይም?»

«ያየሁት ትከሻውን ነው» አለ መርማሪው፤ ድምፁ ዝቅ ብሏል። «ጠረጴዛው እዚያ በሩ ጋ ነው። መከታው እዚህ ነው። ሰው ከዚህ ከፍታ ወድቆ መሬት እስኪደርስ ዓይን የምትጨፈን ያህል ነው። እንጨቱ ሲሰበር ሰምቶ የተነሳ ሰው ከዚያ ድረስ ሮጦ ከበታቻቸው ሊደርስ አይችልም። እሱ ግን ደርሷል፤ ትከሻው ላይ ወድቀውበታል። አባባ የሰሙት ለዚህ ነው። መጀመሪያ መላጊያው ወደቀ፣ ከዚያ እንጨቱ ተሰበረ። እንጨቱ ሳይናገር እንጨቱ የሚለውን ያወቀ ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ሁሉም ወደ በሩ ዞረ። ቀኝ እጅ አልሸሸም፤ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መላጊያ አንስቶ ወደ ቦታው አስተካክሎ መለሰው።

«እንዲሞቱ አልነበረም» አለ። «ጠዋት እንጨት ስናወጣ በሁላችን ፊት ይለቃል፣ ከሥሩ ሰው አይኖርም፣ ጋሼም ‹ገና ናት› ይላሉ፣ ሣጥኑን መልሰው ይወስዳሉ ብዬ ነው። ከዚያ በላይ አላሰብኩም። እዚያ ተደግፈው አያውቁም እኮ። አንድ ቀን እንኳ ተደግፈው አያውቁም።»

«ለሣጥን ብለህ?» አለች ልጅቱ።

«ለሣጥን አይደለም። ከሕፃንነቴ ጀምሮ እዚህ ቤት ነኝ፤ ሌላ ቤት የለኝም። ‹ቀኝ እጄ› ሲሉኝ ኖሩ፣ ደስ ብሎኝ ኖርኩ። አንድ ቀን ‹ልጄ› ይሉኛል ብዬ ስጠብቅ አረጀሁ። ያን ማታ ሲያስጨበጭቡን ‹ልጄ› አሉ። አንቺን ነው ያሉት። ልክ ናቸው፤ ልጃቸው ነሽ። እኔ ግን አጨብጭቤ ስወጣ መንገዱ ጠፋብኝ፤ መሄጃ እንደሌለኝ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» አለ ቀቢው ለራሱ፤ እንባው ጢሙ ውስጥ ገባ።

ቀኝ እጅ ግራ እጁን ደረት ኪሱ ከትቶ አንድ ነገር አወጣ። ጥቁር፣ ጤነኛ መሰኪያ ነው። ወደ ልጅቱ ሄዶ ዘረጋላት።

«ያንቺው ነው። ልጥለው ነበር፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ መጣል አቃተኝ።»

እጆቿ ከብብቶቿ ወጡ። መሰኪያውን ተቀበለችው፤ በሁለት እጇ ይዛ ጅማቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በአውራ ጣቷ ተከተለችው። ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

«ወንድም ጋሼ» አለችው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትጠራው እንዲሁ ነው። እሱ ግን ፊቷን ሊያይ አልቻለም። አዛዡ ጤነኛ ክንዱን ይዞ አወጣው፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ቀኝ እጅ ሽርጡን ፈትቶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

ወንድምየው እህህ ብሎ ወደ ልጅቱ ጠጋ አለ፤ ይቅርታ የሚሉት ቃል አፉ ላይ አልመጣለት ብሎ የጥቁር ልብሷን ትከሻ እንደማራገፍ አደረገና ወጣ።

«አባባ» አለች ልጅቱ ቀቢውን። «አባዬ ምን ብሎ ነው እዚያ የቆመው?»

«‹ዛሬ የምቆመው እዚህ ነው፣ የልጄ ሥራ ላይ› ብለው» አለ ሽማግሌው። «እየሳቁ ነበር። እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።»

ያን ጊዜ አለቀሰች። አባቷ ከሞተ ጀምሮ ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። መርማሪው ጓንቱን ከኪሱ አወጣ። ሥራው አልቋል፤ እንደ ሁልጊዜው የሚሄድበት ሰዓት ነው። እስከ በሩ ከደረሰ በኋላ የደረጃው ድምፅ ሰምቶ ዞረ።

ልጅቱ ቆጡ ላይ ወጥታለች። የተጋደመውን መከታ አንስታ ወደ ቦታው መለሰችው። በቀኝ በኩል መርማሪው ነቅሎት የነበረውን መሰኪያ፣ በግራ በኩል ቀኝ እጅ የመለሰላትን አስገባች። በመዶሻ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገችው። ከዚያ አባቷ የቆመበት ቦታ ላይ ቆማ ሁለት ክንዶቿን መከታው ላይ ጣለች። ክብደቷን ሁሉ ሰጠችው። እንጨቱ ድምፅ አላሰማም።

«ይምጡ» አለችው ከላይ ሆና። «ይደገፉበት። አይሰበርም።»

እሱ ማንም ላይ፣ ምንም ላይ ተደግፎ የማያውቅ ሰው ነው። ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ። አጠገቧ ሲደርስ ጓንቶቹ ገና በእጁ ነበሩ፤ ሳያጠልቃቸው ኪሱ መለሳቸው። ባዶ መዳፎቹን መከታው ላይ አሳረፈ። ልቅሶዋ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ መጣለት፤ በጅማቱ ቀጥ ብሎ፣ ምንም ሳይጎድል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት እጁን ይሰበስብ ነበር። አሁን አልሰበሰበም። ምን ማለት እንደሆነም አልመረመረም። ሁለቱም ባዶውን አዳራሽ ቁልቁል እያዩ፣ ፀሐዩ ከጠረጴዛዎቹ ላይ እስኪነሳ ድረስ ተደግፈው ቆዩ።